«ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው»፦ ንጋት ላይ ስለሚዝለፈለፈው ልጅ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። ወንድ ልጄ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ከስምንት ወሩ ጀምሮ ንጋት ላይ ላብ በላብ ሆኖ ይዝለፈለፋል። አንዳንዴም ያንቀጠቅጠዋል። የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጠው፤ አልተሻለውም። ሆዱ ትልቅ ነው፣ ጉንጩም ሙሉ ነው፣ ቁመቱ ግን ከእኩዮቹ ቀርቷል። ነስር ያስቸግረዋል። ጠዋት በባዶ ሆዱ ጸበል ስናስጠጣው ይብስበታል። ከእሱ በፊት የወለድኳት ልጅ በአሥር ወሯ ተቅማጥ ይዟት በሁለተኛው ቀን አረፈች። አሁን አንድ ሐኪም በዘር የሚመጣ የሜታቦሊዝም ችግር ሊሆን ይችላል አለን። እኔና ባለቤቴ ግን ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው። በሁለታችንም ወገን እንዲህ ያለ ሰው የለም። የባለቤቴ እናት ከእኔ ዘር ነው የመጣው ትላለች። እንዴት በዘር ይሆናል? መድኃኒትስ አለው? ሌላ ልጅ ብወልድስ?»

እህቴ፣ ትንታኔው ይቆየን። መጀመሪያ ዛሬ ማታ የምታደርጊውን ልንገርሽ።

ልጅሽ ረጅም ሰዓት ሳይበላ አይቆይ። ቀን ቀን በየሦስት ሰዓቱ አብሊው። ገንፎ ይሁን፣ ቂጣ ይሁን፣ ሩዝ ይሁን፣ እንጀራ ይሁን፣ ያለሽን ስጪው። ሊተኛ ሲል አብሊው፤ ሌሊትም ስልክሽ ላይ አላርም ሞልተሽ ቀስቅሰሽ አብሊው። እንቅልፉ አያሳዝንሽ። ምርመራው አልቆ ሐኪሙ ሌላ መመሪያ እስኪሰጥሽ ድረስ እንዲህ ይሁን።

ላብ ካጠመቀው ወይም ከፈዘዘ፣ መዋጥም የሚችል ከሆነ፣ ከፋርማሲ የሚገዛውን የግሉኮስ ዱቄት በውኃ በጥብጠሽ አጠጪው። እሱ ከሌለ ስኳር በጥብጪለት። ራሱን ከሳተ ወይም እያንቀጠቀጠው ከሆነ ግን በአፉ ምንም ነገር አታንቆርቁሪ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ አስተኚው። መንቀጥቀጡ ሲያቆም ትንሽ እርጥብ ስኳር በጣትሽ ከምላሱ ሥር ቀቢው። ከዚያ ሳትዘገዪ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ስትደርሺ የመጀመሪያው ቃልሽ «ስኳሩን ለኩልኝ» ይሁን።

የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን በራስሽ አታቋርጪ። ስሙን ግን ጽፈሽ ያዢ። ቫልፕሮዬት የሚባለው ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው፤ አንዳንድ የሜታቦሊዝም፣ ማለትም ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጥበት ሥራ፣ በሽታ ባለበት ልጅ ላይ ጉበቱን ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ።

ያ ሐኪም የተሳሳተ አይመስለኝም። ልጁን በአካል ሳላየው በሽታውን በስም ልጠራው አልችልም። ግን የጻፍሽልኝ ሁሉ አንድ ላይ ሲነበብ ወደ አንድ ቦታ ይመራል። የሚያመው ንጋት ላይ ነው። ባዶ ሆድ ሲሆን ይብስበታል። ሆዱ ትልቅ ነው፣ ጉንጩ ሙሉ ነው፣ ቁመቱ አጭር ነው፣ ነስር አለበት። አንዱን ብቻ ነጥሎ ያየ ሐኪም ለአንዱ ብቻ መድኃኒት ያዝዛል። መንቀጥቀጡን ብቻ ያየ ሰው የሚጥል በሽታ ቢለው አይፈረድበትም።

ጎታ ምን እንደሆነ ለመንዝ ሰው አልነግርም። እህሉ ከላይ ይሞላል፤ ሲፈለግ ከሥሩ ባለው ማውጫ ይቀዳል። ጉበታችንም እንደዚያ ነው። ስንበላ የተረፈውን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቻል። ስንተኛ፣ ስንጾም፣ ስንታመም ከዚያ እየቀዳ ለአንጎል ይልካል። ይህን የሚቀዳው ኢንዛይም የሚባል ጥቃቅን ሠራተኛ ነው። ኢንዛይሙ ከተወለደ ጀምሮ የሌለው ልጅ ጉበቱ ይሞላል እንጂ አያወጣም። ጎታው ሞልቶ ቤቱ ይራባል። ያ ትልቅ ሆድ ጥጋብ አይደለም፤ ያበጠ ጉበት ነው። ንጋት ላይ የሚያንቀጠቅጠውም ነዳጅ ያለቀበት አንጎል ነው።

በሕክምና ቋንቋ ግላይኮጅን ስቶሬጅ ዲዚዝ ይባላል። ዓይነቱ ብዙ ነው። ልጅሽ ላይ በይበልጥ የምጠረጥረው አንደኛውን ዓይነት ነው፤ በዓለም ደረጃ ሲገመት ከ100,000 ልደት አንድ ላይ ይታያል። ጌርቲ ኮሪና ባለቤቷ ካርል ኮሪ በ1952 እ.ኤ.አ. የእነዚህ ሕፃናት ጉበት ውስጥ የጎደለውን ኢንዛይም ለይተው አሳዩ። በዘር በሚመጣ የሜታቦሊዝም በሽታ የጎደለ ኢንዛይም በቀጥታ ተለክቶ ሲታወቅ ያ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር።

ግን መጠርጠር አይበቃም። እዚህ ላይ የራሴን ልንገርሽ፤ እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣ ነገር ነው። ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ቆላ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል እሠራ ነበር። አንድ ሌሊት የሁለት ዓመት ልጅ እየተንቀጠቀጠ መጣ። የስኳር መለኪያው ስትሪፕ አልቆ ነበር። የወባ ወቅት ነው። ግሉኮስ ሰቀልንለት፣ የሚጥለውን ማስታገሻ ሰጠነው፣ የወባ መድኃኒትም ጀመርንለት። ሲነጋ ስትሪፕ ተገኝቶ ለካነው፤ ስኳሩ ልክ ነው። እንዴት ልክ አይሆንም? ሌሊቱን ሙሉ ግሉኮስ ሲገባለት አድሯል። የወባ ምርመራው ነጻ ነበር፤ እኛ ግን ወባ ብለን ጽፈን አሰናበትነው። በሦስተኛው ወር ሲመጣ አልደረስንለትም። ሆዱ ያን ጊዜም ትልቅ ነበር። አይቼው ነበር።

ስለዚህ ይህን ለጤና ባለሙያዎችም ጭምር እላለሁ። እነዚህ በሽታዎች ራሳቸውን የሚገልጡት ልጁ በታመመባት ሰዓት ብቻ ነው። ሲሻለው ምርመራው ሁሉ ልክ ሊሆን ይችላል። ግሉኮስ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጠብታ ደም ለኩ። ከ50 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ፣ ደም ሥሩን ስትከፍቱ በዚያው መርፌ ሁለት ቱቦ ቅዱ። ከዚያ ወዲያው ስኳሩን ስጡ፤ ውጤት መጠበቅ የለም። በየጤና ጣቢያው የሚገኘው ባለ 40 በመቶ ዴክስትሮስ እንዳለ ለሕፃን አይሰጥም። አንዱ እጅ ዴክስትሮስ፣ ሦስቱ እጅ ለመርፌ የሚሆን ንጹሕ ውኃ ሆኖ ሲቀላቀል 10 በመቶ ይሆናል። ከዚህ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር በቀስታ፤ ከዚያ የማይቋረጥ ግሉኮስ ይቀጥል። ቀጥሎ የሚሸናውን የመጀመሪያ ሽንት አትድፉት። ተራው የሽንት ስትሪፕ ኬቶን፣ ማለትም ስብ ሲቃጠል የሚወጣውን ነገር፣ ያሳያል፤ ኬቶን ደግሞ ብዙ ይናገራል። ስኳር ወርዶ ኬቶን ከሌለ አንድም ኢንሱሊን በዝቷል፣ አንድም ሰውነት ስብን ማቃጠል አልቻለም ማለት ነው። ስኳር ወርዶ፣ ጉበት አብጦ፣ ኬቶን በጣም ከበዛ ሦስተኛውን ዓይነት አስቡ። ላክቴት የሚባለው፣ ስኳር ሲፈርስ የሚወጣው አሲድ፣ ደም ውስጥ ከፍ ካለ ወደ አንደኛው ዓይነት ያደላል።

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን ስትሄጂ አራት ነገር ጠይቂ። የሆድ አልትራሳውንድ፣ ትራይግሊሰራይድ (የደም ስብ)፣ ዩሪክ አሲድና የጉበት ምርመራ። በአንደኛው ዓይነት ትራይግሊሰራይድና ዩሪክ አሲድ አብረው ይወጣሉ። አንዳንዴ ስቡ ከመብዛቱ የተነሣ ደሙ በቱቦ ውስጥ ሲጠል ላዩ ወተት ይመስላል፤ ያለ ምንም መሣሪያ በዓይን ይታያል። «የዕለቱን ምርመራ ለማሠራት ጾሞ ይምጣ» ካሉሽ ግን እሺ አትበዪ። ይህ ልጅ ሳይበላ ማደር እንደማይችል ንገሪያቸው። የመጨረሻው ማረጋገጫ የዘረመል ምርመራ ነው። ድሮ ጉበት በመርፌ ተወግቶ ይወሰድ ነበር፤ አሁን ትንሽ ደም ይበቃል። ብዙ ጊዜ በግል ላቦራቶሪ በኩል ወደ ውጭ አገር ይላካል፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ገንዘቡ እስኪገኝ ሕክምናው አይቆምም።

ወደ ሰባት ቤቱ ልመለስ። ደብዳቤሽ ውስጥ በጣም ያስከፋሽ እሱ መሰለኝ።

አያቶቻችን ሰባት ቤት መቁጠራቸው ትክክል ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም አርችባልድ ጋሮድ በ1902 እ.ኤ.አ. ሽንታቸው ሲቆይ የሚጠቁር ሰዎችን ሲያጠና፣ የብዙዎቹ ወላጆች የወንድማማች ወይም የእህትማማች ልጆች መሆናቸውን አስተዋለ። ምክንያቱም እያንዳንዳችን ከእያንዳንዱ ዘረመል ሁለት ሁለት ቅጂ አለን፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። አንዱ ቅጂ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን ይሸፍናል። ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ተሸካሚ መሆኑንም ሳያውቅ ኖሮ ይሞታል። የሚታመመው ሁለቱም ቅጂ የተበላሸበት ልጅ ነው። ዘመዳሞች ሲጋቡ ያንኑ የቅድመ አያት ስሕተት ሁለቱም ይዘው የመገናኘት ዕድላቸው ይሰፋል። አንድ ሰው የያዘው አንድ የተበላሸ ቅጂ ሰባተኛው ትውልድ ላይ ላለ አንድ የልጅ ልጁ የመድረስ ዕድሉ ከ128 አንድ ብቻ ነው። በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳልና። ስለዚህ ሰባት ቤት መቁጠር በሩን በጣም ያጠበዋል።

ግን አይዘጋውም። ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ሰዎችም በአጋጣሚ በዚያው ዘረመል ላይ ስሕተት ይዘው ሊገናኙ ይችላሉ። እናንተ ላይ የሆነው ይህ ይመስለኛል። በዘራችሁ እንዲህ ያለ ሰው አለመኖሩም ከዚህ ጋር አይጋጭም፤ እንዲያውም የተለመደው እንዲህ ነው።

ለባለቤትሽ እናት በአክብሮት ይህን አንብቢላቸው። ልጁ የታመመው አንዱን ቅጂ ከአንቺ፣ አንዱን ከአባቱ ስለወሰደ ነው። እኩል ነው። ከአንቺ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጁ ጤነኛ ይሆን ነበር። አባቱ ደግሞ የእሱን ያገኘው፣ ከጥቂት አጋጣሚ በቀር፣ ከእናቱ ወይም ከአባቱ ነው። ማንም መርጦ አልሰጠም።

ሕክምና አለው ወይ ላልሽው፣ አለው። መድኃኒቱ ደግሞ ከሱፐርማርኬት የሚገዛ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ያሉ ሐኪሞች ጥሬ የበቆሎ ስታርች ለእነዚህ ልጆች ሰጥተው ስኳራቸው ለሰዓታት ሳይወርድ እንደሚቆይ አሳዩ። ከዚያ በፊት ልጆቹ ሌሊቱን ሙሉ በአፍንጫ ቱቦ ይመገቡ ነበር። ጥሬው ስታርች አንጀት ውስጥ ቀስ እያለ ይፈጫል፤ ስኳሩንም ጠብ ጠብ እያደረገ ይለቃል። የተዘጋውን ጎታ የሚተካ ሌላ ጎታ በሉት።

ሦስት ነገር ልብ በዪ። አንደኛ፣ ኮርን ስታርች ተብሎ የሚሸጠው ነጭ ልም ዱቄት ነው እንጂ የወፍጮ ቤት የበቆሎ ዱቄት አይደለም። በሶም አይተካውም። በሶ ጥሩ ምግባችን ነው፤ ግን ገብሱ ተቆልቷል፣ ለዚህ ሥራም አልተፈተነም። ሁለተኛ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ እሳት ከነካው ጥቅሙ ይጠፋል፤ ስኳርም አይጨመርበትም። ሦስተኛ፣ ልኩን የሚወስነው ሐኪም ነው። ግምቱን እንድታውቂው ያህል፣ ለትንሽ ልጅ በኪሎ 1.6 ግራም አካባቢ በየሦስት እስከ አራት ሰዓቱ ይሰጣል። 13 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ወደ 20 ግራም ይመጣል። በሚዛን እንጂ በእፍኝ አይሁን። ሌሊትም ይሰጣል። አንድ ሌሊት መርሳት ለዚህ ልጅ ብዙ ነው።

አንደኛው ዓይነት ከተረጋገጠ ማር፣ ስኳር፣ ፍራፍሬና ወተት ይቀነሳሉ። ውስጣቸው ያለውን ጣፋጭ ጉበቱ ወደ ተራ ስኳር ለውጦ ማውጣት ስለማይችል ላክቴትና ስብ ያደርገዋል። ቅድም ለአደጋ ጊዜ ስኳር ያልኩሽ ሌላ ከሌለ ነፍስ ለማዳን ነው። ገንፎው፣ ቂንጬው፣ ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንቁላሉ ይቀጥላል። ወተት ሲቀነስ ካልሲየም በመድኃኒት ይተካል። ሦስተኛው ዓይነት ከሆነ ግን መመሪያው ይለያል፤ እዚያ ፕሮቲን ይበዛል። ዓይነቱን ለይቶ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጸበሉን ተዉ አልልሽም። እኔም በጸበል ያደግሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ከማታ ጀምሮ ምንም ሳይቀምስ ተሰልፎ መጠበቅ ለዚህ ልጅ የሞት አደጋ ነው። ለንስሐ አባታችሁ ሁሉን አስረዷቸው። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጾም እንደማይገደድ፣ ሕመምተኛም ፈቃድ እንዳለው እሳቸው ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ሲያድግም በፍልሰታ እኩዮቹ እስከ ቅዳሴ ሲጾሙ እሱ አይችልም። ይህን ከአሁኑ ለልጁም ለሰፈሩም መንገር ይሻላል። አለዚያ ተደብቆ ይጾማል። ልጆች እንዲህ ናቸው።

ትውከት ወይም ተቅማጥ ከያዘው ቤት አታቆዪው። ኦአርኤስ ውኃና ጨው ይተካል፤ ስኳሩ ግን አንድ ሊትር ውስጥ 13.5 ግራም ብቻ ነው። ለሌላ ልጅ በቂ ነው፤ ለዚህ ልጅ አይበቃም። ግሉኮስ ሊሰቀልለት ይገባል።

ይህን ስጽፍ ስለ ሴት ልጅሽ አሰብኩ። ያኔ ሳትመረመር ስላረፈች በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ተቅማጥ ይዟት፣ መብላት አቁማ፣ በሁለት ቀን ማረፏ ግን ከዚህ በሽታ ጋር ይሄዳል። ያደረግሽላት ሁሉ እናት የምታደርገው ነበር። ማንም ያልነገረሽን ነገር ልታውቂ አትችዪም ነበር።

ስለሚቀጥለው ልጅ። ሁለታችሁም ተሸካሚ ከሆናችሁ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ የመታመም ዕድል አለ። አንድ ሲታመም ቀሪዎቹ ሦስት ይድናሉ ማለት አይደለም፤ ዕጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይወጣል። ከአራት ሦስቱ ግን ጤነኛ ነው፤ ወንድም ሴትም እኩል ነው። ውሳኔው የአንቺና የባለቤትሽ ነው። ከወለድሽ ግን ሆስፒታል ውለጂ። ሕፃኑ ገና ሲወለድ ስኳሩ ይለካ፤ ቶሎ ቶሎም ይጥባ። የዚህኛው ልጅ የዘረመል ስሕተት ታውቆ ከሆነ አዲሱን ሕፃን በዚያው መመርመር ይቀላል። አገራችን ውስጥ የእያንዳንዱን አራስ ተረከዝ ወግቶ እነዚህን በሽታዎች መፈለግ ገና አልተለመደም። ስለዚህ ታሪኩን የምትናገረው እናት ናት። ኖርዌይ ውስጥ በ1934 እ.ኤ.አ. ቦርግኒ ኤግላንድ የምትባል እናት የሁለት ልጆቿ ሽንት እንግዳ ሽታ አለው እያለች ሐኪም ለሐኪም ዞረች። በመጨረሻ አስቢዮርን ፎሊንግ የሚባል ሐኪም ሰማት። ዛሬ ፒኬዩ የሚባለው፣ በምግብ የሚታከመው በሽታ የታወቀው በእሷ ጉትጎታ ነው።

ጥያቄሽ የልጅ ነው፤ ግን ይህን የሚያነቡ ትልልቅ ሰዎችም አሉና ጥቂት ልጨምር። እነዚህ በሽታዎች በልጅነት ብቻ አይወጡም። አንዲት የ19 ዓመት ተማሪ አስታውሳለሁ። እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ጽሕፈቷ ተበላሸ፣ ንግግሯ ተሳሰረ፣ ጠባይዋ ተለወጠ። ዛር ነው ተባለ፣ ጭንቀት ነው ተባለ። አንድ የዓይን ሐኪም በመሣሪያው ሲያያት የዓይኗ ጥቁር ዙሪያ ላይ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ቡናማ ቀለበት አገኘ። ዊልሰን የሚባለው በሽታ ነበር። ጉበት መዳብን ማስወገድ ሲያቅተው መዳቡ ጉበትና አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል። ፔኒሲላሚንና ዚንክ የሚባሉ መድኃኒቶች አሉት። ቀድሞ ከተጀመረ ሰውየው ሙሉ ሕይወት ይኖራል፤ ተሻለኝ ብሎ ካቋረጠ ግን ጉበቱ በወራት ሊከዳው ይችላል። ወንድምና እህት ሁሉ ምንም ባይሰማቸውም መመርመር አለባቸው። ወጣት ሆኖ ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት በሽታ ወይም መንቀጥቀጥ ያለበት ሰው ይህን ሳይመረመር አይቅር።

ሌላም አለ። ከልጅነቷ ጀምሮ ሥጋና እንቁላል የማትወድ ሴት በወለደች በቀናት ውስጥ ግራ ትጋባለች፣ ትቃዣለች። ጋኔን ነው ከማለት በፊት ደሟ ውስጥ ያለው አሞኒያ ይለካ። ፕሮቲን ሲፈርስ የሚወጣውን አሞኒያ የሚያጸዳ ኢንዛይም ያነሳቸው ሰዎች ሳያውቁት ሥጋ ይሸሻሉ። ወሊድ፣ ረጅም ጾምና ከባድ ሕመም ያጋልጣቸዋል።

የመጨረሻው ነገር መንገዱ ነው እህቴ። ከመሐል ሜዳ አውቶቡሱ ሌሊት ይነሣል። ልጁን ከእንቅልፉ አንሥተሽ በባዶ ሆዱ ብታሳፍሪው ጣርማ በር ሳትደርሱ ሊዝለፈለፍ ይችላል። ሳትነሡ አብሊው። ቂጣና የተቀቀለ ሩዝ ቋጥረሽ ያዢ። የግሉኮስ ዱቄትና የአንድ ኮዳ ውኃ በእጅሽ ይሁን፤ ከላይ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አታስገቢው። አንድ ወረቀት ላይ የመጨረሻውን ምግብ የበላበትን ሰዓት ጻፊ። ከዚያም ባመመው ቁጥር ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ምን ያህል ሰዓት ሳይበላ እንደቆየ፣ ምን ስትሰጪው እንደነቃ ጻፊ። ካርድ ክፍል ወረፋው ከረዘመ ወረፋውን ለሰው አስይዘሽ አብሊው። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቢ ያንን ወረቀት አስቀድመሽ ስጪው።